ጋላቢው ሲገጠብ

ከመካነ ሰላም አቀስታ በሚኒባስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። እኔ ግን አራት ቀን ፈጀብኝ፤ መጨረሻውንም በሚኒባስ ጨርሼ ነው። ይህን የምጽፈው በዚያ መንገድ ሄዶ ለማያውቅ፣ ምናልባትም መቼም ለማይሄድ ሰው ነው። ብስክሌት ገዝቶ ሩቅ መንገድ ያሰበ ካለ፣ አንድ ሁለት የሚጠቅመው ምክር ያገኝበታል። ምክሩን መጻፍ ቀላል ነው። ያስቸገረኝ ሌላው ነው።

የሄድኩት እህቴን ለማየት ነበር። ሰዓዳ ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ሠርታ ስትመለስ የኛ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር አቀስታ አክስታችን ቤት ቀረች። እናትና አባታችን በሕይወት የሉም፤ እሷም እኔ ብቻ ነኝ ያለኋት። መንገዱ በተከፈተበት ሰሞን አሠሪዋ ተመለሺ ብላ ትኬት ላከችላት። በረራው ዓርብ ነው፤ ሐሙስ ማለዳ ከአቀስታ ወደ ደሴ መነሳት አለባት። ትሂድ ወይስ ትቅር፣ አልወሰነችም።

«በስልክ አልጠይቅህም» አለችኝ። «እዚህ ቤት ሰው አይጠፋም። ፊትህን እያየሁ ነው የምጠይቅህ። አትሂጂ ካልከኝ አልሄድም። ሂጂ ካልከኝም አልቀየምህም።»

«ማክሰኞ ማታ እደርሳለሁ» አልኳት። «በብስክሌት ነው የምመጣው።»

«አንተ ሰይዶ! በአህያም ና፣ ተንፏቀህም ና፤ ብቻ ና።»

ብስክሌቱን ከገዛሁ ሁለት ሳምንቴ ነበር። መንገድ ሊሠሩ መጥተው የሄዱ ሰዎች ጥለውት የቀረ ነው። ከተማው ውስጥ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ስመላለስበት ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ደግሞም ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ ሽማግሌ ሲናገር እያዳመጥኩ ነው የጀመርኩት። በብስክሌት ብሄድ የመንገዱ ግጥም በራሱ ጊዜ ይመጣል ብዬ አሰብኩ። አሁን ሳስበው እህቴን ለማየት ብቻ ብነሳ ኖሮ ሚኒባስ እሳፈር ነበር።

ሰኞ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሻይ ቤት ትኩስ ዳቦ በላሁና ተነሳሁ። የብስክሌቱ ኮርቻ ጠባብና እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስለሆነ ብልሃት ፈጥሬ ነበር። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆረጥኩ፣ በላዩ አጎዛ ደረብኩ፣ ሁለቱን በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠፈርኳቸው። ወፍራም ጂንስ ለበስኩ። ሻይ ቤቱ ደጃፍ የተቀመጡት ሰዎች የበግ ቆዳውን አይተው «ሰይድ በበግ ሊሄድ ነው!» እያሉ ሸኙኝ።

የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት በሕይወቴ ካየኋቸው ጠዋቶች ሁሉ ጥሩው ነበር። ቁልቁለቱን ስወርድ ነፋሱ ከሸሚዜ ገብቶ ጀርባዬን ይነፋዋል። ሁለት ስንኝም መጥቶልኝ ነበር። ከዚያ ሸለቆው አለቀና ዳገቱ ጀመረ። የኛ አካባቢ ሰው «ዳገቱ ትንሽ ነው» ሲል በእግሩ ለሚሄድ ሰው ትንሽ ነው ማለቱ መሆኑን ሁልጊዜ አስታውሱ።

ረፋዱ ላይ ላብ ጂንሱን አራሰው። አጎዛው በተጫንኩት ቁጥር ወደ ግራ ይንሸራተታል፤ እኔም አብሬው እንሸራተታለሁ። በፔዳሉ ምት ልክ አንድ ነገር ከታች ይፈትገኛል። መጀመሪያ ማሳከክ ነበር። ቀጥሎ ማቃጠል ሆነ። ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው በርበሬ ያሸብኝ ይመስል ነበር።

አንድ ሚኒባስ አጠገቤ ቀስ አለ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ወንድሜዋ፣ እላይ እንጫነው፣ ግባ! አቀስታ ቦታ አለ!» አለኝ። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ያዩኛል። ፈገግ ብዬ እጄን አወዛወዝኩ፣ እንዲያውም ለማሳየት ፈጠን ብዬ ነዳሁ። ያን ፈገግታዬን ባስታወስኩት ቁጥር ያመኛል።

ያንን ቀን መንገዱን እንኳ አላጋመስኩም። መሸት ሲል አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ደረስኩና አልጋ ያዝኩ። ክፍሉ ከኛ አገር አልጋ ቤቶች ይጠባል፤ ብርድ ልብሱ ግን እጥፍ ነው። እኛ ጋ ብርድ ይባላል እንጂ ብርድ አናውቅም። የቤቱን ባለቤት ሴትዮ የእጅ መስታወት ለመንኳት።

«ለመላጨት ነው» አልኳት።

አገጬን አየችው። «ምኑን?» አለች፤ ግን ሰጠችኝ።

በሩን ዘግቼ ያየሁትን አልተርክም። በሁለቱም በኩል፣ አጥንቱ ከኮርቻው የሚገጥምበት ላይ፣ ቆዳዬ ተልጦ ቀልቷል። የያዝኩት መድኃኒት የፀጉር ቅባት ብቻ ነበር። ቀባሁት። ለብስክሌት ጀማሪ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው፦ የፀጉር ቅባት ለፀጉር ነው።

ማክሰኞ

ሌላ ሱሪ ከላይ ደረብኩ። የተላጠ ነገር ሲደራረብለት ይሻለዋል ብዬ ነው። አንድ ሰዓት ሳልነዳ ቁስሉ ከበፊቱ ባሰ። ፔዳሉ ላይ ቆሜ ለመንዳት ሞከርኩ፤ ዳገት ላይ ቆሞ መንዳት ጭን ይጨርሳል። ወርጄ መግፋት ጀመርኩ።

ወደ አቀስታ በቀረባችሁ መጠን አገሩ እየተራቆተ ይሄዳል። እኛ ጋ ባሕር ዛፍ የማይታይበት ቦታ የለም፤ እዚያ ግን ሜዳው ገብስና ሣር ብቻ ነው፣ ነፋሱን የሚያቆምለት የለም። ቀትር ላይ በረዶ ወረደ። መጠለያ የለም። ብስክሌቱን አጋድሜ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ ማለቴ ልቀመጥ ሞከርኩና ብድግ አልኩ።

በረዶው ሲያባራ ሁለት እግሬን አንፈርክኬ፣ እንደ ተገረዘ ልጅ እየተራመድኩ ስሄድ፣ በቅሎ የሚስቡ ሽማግሌ ደረሱብኝ። ጋሼ ይመር ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ ሲያሠለጥኑና ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ። ምን ሆንክ? አካሄድህ አላማረኝም።»

እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡትም ነበር። ግን ለማያውቁት ሽማግሌ፣ ነጭ ጺም ላላቸው ሰው፣ ምን ተብሎ ይነገራል? እኛ ጋ እንኳን መቀመጫ፣ ሆድ ቢያመን «ትንሽ ከፍቶኛል» ነው የምንል።

«ጉልበቴን ነው» አልኩ።

«አብሽር። ቤቴ ያውልህ።»

ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ገና ደጃፍ ሳልደርስ ውሃ ይዘው ወጡ። እሳት አጠገብ፣ አጎዛ የተነጠፈበት መደብ ላይ አስቀመጡኝ። አጎዛውን በእጄ ወደ ጎን ገፋ አደረግኩት። የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ ቀረበ፤ የገብሱ እንጀራ ከኛ ጤፍ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ግን ጤፍ ትዝ አይልህም። አንድ ጎኔን አንጠልጥዬ በላሁ።

ለሰዓዳ ደጋግሜ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ጋሼ ይመር የት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ እህቴን፣ ትኬቱን፣ ሐሙስን፣ አክስቴ ከዲጃ ከመስጊዱ በታች ባለው ቤት መኖሯን። አንዱን ነገር ብቻ አልነገርኳቸውም።

«በዚህ ጉልበትህ?» አሉ። «አይሆንም። ነገ ወጌሻ እናስጠራለን።»

ረቡዕ

ወጌሻው አባ ተሰማ ጠዋት መጡ። ከማዶ ካለው የክርስቲያኖች መንደር ናቸው፤ አካባቢው ሁሉ ስብራትም ውልቃትም ለእሳቸው ነው የሚያመጣ። የተፈተለ ገመድ፣ የተላገ የቀርከሃ ቁራጭና አንድ ጣሳ ቅቤ ይዘዋል።

«የትኛው ነው?» አሉኝ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። «የግራው» አልኩ።

እትዬ ዘሀራ ከጓዳ «ትናንት የቀኙን አልነበር ስታሻሽ ያየሁህ?» አሉ።

«ሁለቱም» አልኩ።

አባ ተሰማ ጋሼ ይመርን አዩ። «ሁለቱም? ይህ ልጅ ከሰማይ ነው የወደቀ?»

«ከብስክሌት ነው።»

«ያው ነው።»

ሱሪዎቼን ከጉልበቴ በላይ ሰብስበው በቅቤ አሹኝ። ጣታቸው እንደ ጉጠት ይይዛል። የግራውን ጉልበቴን ይዘው ወዲያ ሲያዞሩት አንድ ነገር ቋ አለ፤ እኔም ጮህኩ።

«ይኸው! ገባ!» አሉ በደስታ። ጋሼ ይመር «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እስከዚያች ሰዓት ምንም ያልነበረው ጉልበቴ ከዚያ በኋላ የምር አመመኝ። የቀኙንም እንዲሁ አስገቡት። ሁለቱንም በቀርከሃ ደግፈው ጠፍረው አሰሩና «ሦስት ቀን እንዳትረግጥ» ብለው፣ ምንም አልቀበልም ብለው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ሁለት የታሰሩ እግሮች ዘርግቶ መደብ ላይ መቀመጥ ማለት ክብደትን ሁሉ ቁስሉ ላይ ማሳረፍ ማለት ነው። እትዬ ዘሀራ ገንፎ አገንፍተው፣ መሐሉን አጎድጉደው ቅቤ ሞልተው አቀረቡልኝ። «ለአጥንት ነው፤ ብላ ልጄ፣ እናትህ ብትኖር ይህን ነበር የምትሰጥህ» አሉኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ለደግነታቸው መሰላቸው፤ ግማሹ ለደግነታቸው ነበር።

ሚኒባሶች በደጃፉ ያልፋሉ። ሲያልፉ እሰማቸዋለሁ። ሁለቴ «ልሂድ» አልኩ፤ ሁለቴ «የታሰረ እንግዳ ከቤቴ አይወጣም» አሉኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ይፈቱኝ ነበር። ዓረፍተ ነገር መሥራት ሥራዬ ነው የምል ሰው ነኝ።

አሥር ሰዓት ገደማ፣ የመጨረሻው መኪና ካለፈ በኋላ፣ ጋሼ ይመር ደግፈው ወደ በቅሎዋ ጋጣ ወሰዱኝ። በሩን ገርበብ አደረጉ።

«ሰይድ፣ ልጠይቅህ» አሉ። «ጉልበቱን የታመመ ሰው ቁጭ ሲል ያርፋል። አንተ ቁጭ ማለትን እንደ ጅብ ትፈራለህ። ከጠዋት ጀምሮ በአንድ ጎንህ ነው የተንጠለጠልክ። እኔ አፍ የሌለው ከብት ነው ያሳደግሁ፤ የት እንዳመመው ሳይነግረኝ አውቃለሁ። አፍ ያለው ነው ያሸነፈኝ።»

ወለሉን እያየሁ «ብስክሌቱ ልጦኝ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

«የት?»

በእጄ አመለከትኩ።

በቅሎዋን አንገቷን ይዘው ሳቁ። እስኪያነቡ ሳቁ። በኛ አገር ኮርቻ ወይም ጭነት ጀርባውን የላጠው ከብት ገጣባ ይባላል። «ያ ረቢ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «በቅሎ ሲገጠብ አይቻለሁ፣ አህያ ሲገጠብ አይቻለሁ። ጋላቢው ሲገጠብ ዛሬ ማየቴ ነው!»

ከዚያ ግን ሳቃቸውን አቆሙና ብስክሌቴን አዩት። አጎዛውንና ስፖንጁን ፈትተው ወረወሩት። «ማን ነው የመከረህ? የሚንሸራተት ነገር ነው የሚልጥ፤ የሚደላ ነገር ነው ላብ የሚይዝ። ኮርቻ ማለት ከገላ ጋር አንድ ሆኖ የማይንቀሳቀስ ነው። ይኸው ደግሞ አፍንጫው ሽቅብ ቆሟል፤ እንዴት አይወጋህ?» መፍቻ ተቀብለውኝ ብሎኑን አላሉና ኮርቻውን አስተካከሉት፤ ዝቅም አደረጉት። ብስክሌት ነድተው አያውቁም።

የጉልበቴን እስራት ፈቱልኝ፤ ለብ ያለ ጨው ውሃና ንጹሕ ጨርቅ አመጡልኝ፤ ጓሮ ሄጄ ታጠብኩ። «ቅባት አታስነካው፣ ይድረቅ፣ አየር ያግኝ» አሉኝ። ሁለቱን ሱሪዎች አስወልቀው የራሳቸውን ሽርጥ አስታጠቁኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላምጥ ቆምኩ።

«ይህን ትናንት ብትነግረኝ» አሉ፣ «ትናንትናውኑ ከአንዱ ሚኒባስ አሳፍሬህ እህትህ ዘንድ ታድር ነበር። ቁስል ምን ያሳፍራል? ጤነኛ ጉልበት ለወጌሻ መስጠት ነው እንጂ የሚያሳፍር።» ይህን እንዳሉ በድንገት ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው ጋሼ?»

«መልእክት ልኬአለሁ» አሉ። «ጠዋት አንተ ስትታሰር ወጥቼ ለአቀስታ ሹፌር ነገርኩት። ከመስጊዱ በታች ከዲጃ ቤት ሂድና፣ ልጁ ጉልበቱ ወልቆ እኔ ዘንድ ነው፣ አታስቡ በል አልኩት። እህትህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው።»

ሁለታችንም ወደ መንገዱ አየን። መንገዱ ባዶ ነበር።

ሐሙስ

በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርኩ። ብስክሌቱን እላይ ጫኑት። ጋሼ ይመር እስከ መንገድ ሸኝተው «ለእህትህ እውነቱን ንገራት፤ እኔን ዋሾ አታድርገኝ» አሉኝ። እኔ ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ፣ ፊቴን ወደ ኋላ ተሳፋሪዎች አድርጌ፣ በሽርጥ ሄድኩ። አንዲት ሴት «ሰላት ላይ ነው?» ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች።

አቀስታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። ከመካነ ሰላም ይበርዳል፤ ሰው ሁሉ ተጠቅልሎ ነው የሚሄድ። ወደ መስጊዱ ቁልቁል ስሄድ አክስቴ ከዲጃ በር ላይ ቆማ አየችኝ። መጀመሪያ ፊቴን አይደለም ያየች፤ ጉልበቴን ነው።

«ወላሂ!» አለች። «ትሄዳለህ እንዴ?»

«ሰዓዳስ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄደች።»

ገብቼ ቆምኩ። የቀረውን አክስቴ እያለቀሰች ነገረችኝ። ሰዓዳ ማክሰኞ እስኪመሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ረቡዕ ጠዋት ልብሷን ከሻንጣ አውጥታ ማጠብ ጀመረች፤ «ሰይዶ መጥቶ የሚለኝን አውቀዋለሁ» ብላ ነበር። ቀትር ላይ ሹፌሩ መጣ። መልእክቱ መንገድ ላይ አድጎ ነበር፦ ጉልበቱ ወልቋል የተባለው፣ ሁለቱም ጉልበቱ ተሰብሮ ወጌሻ አስሮታል ሆኖ ደረሰ። ሰዓዳ እኔ ዘንድ ለመምጣት ወጣች፤ ከሰዓት በኋላ ወደዚያ የሚሄድ መኪና አጣች። ተመልሳ እርጥቡን ልብስ ከገመድ አውርዳ ሻንጣ ውስጥ ከተተች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«‹ሰይዶ መሥራት ካልቻለ ማን አለው? አሁን መጠየቅም አያስፈልገኝም› አለች።»

ደወልኩ። አቀስታ ኔትወርክ አለ። አነሳችው። ደሴ ልትገባ ነበር፤ የመኪናው ጥሩምባ ይሰማል።

«ሰይዶ! ጉልበትህስ? ሕመሙ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ። አክስቴ ቤት ነኝ። ቆሜ ነው የማናግርሽ።»

«አታባብለኝ።»

«ሰዓዳ፣ አትሂጂ። ልልሽ የመጣሁት ይህንን ነው። አትሂጂ።»

«አንተ እግርህ ታስሮ እኔን አትሂጂ ትላለህ» አለች፤ ድምጿ ለስላሳ ነበር። «አብሽር። እኔ አለሁልህ። ታከም ብቻ።»

«ጉልበቴ አልነበረም! ጉልበቴን ምንም አልሆንኩም።»

«ታዲያ ምንህን ነው?»

ቀና አልኩ። ሰዓዳን ሸኝተው ያልተበተኑ ጎረቤቶች ቤቱን ሞልተውታል። አክስቴ አለች፣ የመስጊዱ ሽማግሌ አሉ፣ ሁለት የሰፈር ልጃገረዶች አሉ። ሁሉም እኔን ያያሉ። ስልኩን ይዤ ወደ ውጭ መውጣት እችል ነበር። አሥር እርምጃ ነው። ይህንን አሁን ነው የማስበው።

«ሰይዶ? ምንህን ነው ያመመህ?»

«ተይው» አልኩ። «ቀላል ነገር ነው።»

«እኮ፣ አውቄዋለሁ» አለች። እያለቀሰች መሰለኝ። «ሁልጊዜ ቀላል ነው ትላለህ።» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውልም አልተነሳም፤ ዓርብ ሄደች።

አቀስታ አንድ ሳምንት ሰነበትኩ። ቁስሉ ጋሼ ይመር እንዳሉት በጨው ውሃና በአየር ደረቀ። ለጀማሪ ብስክሌተኛ የቀረኝ ምክር ይህ ነው፦ ኮርቻው ላይ ነገር አትደራርቡ፣ አፍንጫውን ቀና አታድርጉት፣ ወፍራም ስፌት ያለው ሱሪ አትልበሱ፣ መጀመሪያ ሲያሳክክ ውረዱ። ያመማችሁንም ቦታ በስሙ ጥሩት።

ግጥሙ አልተጻፈም። ያ ሁለት ስንኝም ጠፍቶብኛል።

ሰዓዳ በየሳምንቱ ዓርብ ትደውላለች፤ ዕረፍት የሚሰጧት ያን ጊዜ ነው። ጤናዬን፣ አክስታችንን፣ ዝናቡን ከመጠየቋ በፊት «ጉልበትህ ይረግጣል ወይ?» ትለኛለች።

«ይረግጣል» እላታለሁ። ስለዚያ ጉዞ እስከ ዛሬ ነግሬያት ያመነችኝ እውነት ይህች ብቻ ናት።